ባንዲራው ሲወርድ ጡረታውን ማን ይከፍላል? የሆንግ ኮንግ የቅኝ ግዛት ዘመን ሠራተኞች ጡረታ ሲገመገም

ግዛት ከአንድ መንግሥት ወደ ሌላው ሲተላለፍ ወደቡን፣ ቤተ መንግሥቱንና የፍርድ ቤቱን ሕንፃ የሚረከበው ወዲያው ይታወቃል። የጡረታ ዕዳውን ግን ማንም ተሽቀዳድሞ አይወስድም። 30 ዓመት ግብር ሲሰበስብ፣ መሬት ሲለካ ወይም በፖሊስነት ሲያገለግል የኖረ ሰው አበሉን ከሄደው መንግሥት ይጠብቅ ወይስ ከመጣው? ዓለም አቀፍ ሕግ በዚህ በኩል ብዙ አያግዝም። በ1983 (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በቪየና የተዘጋጀው የመንግሥታት ንብረትና ዕዳ ውርስ ስምምነት እስከ ዛሬ ሥራ ላይ አልዋለም፤ ቢውል እንኳ አዲስ ነጻ የወጣ አገር ካልተስማማ በቀር የቀድሞውን ገዢ ዕዳ አይወርስም ነው የሚለው። ስለዚህ የጡረተኛው ዕጣ የሚወሰነው በርክክቡ ሰሞን በተጻፈው ወረቀትና ከወረቀቱ ጀርባ ባለው ገንዘብ ነው።

እዚህ የምንገመግመው በ1997 ከብሪታንያ ወደ ቻይና የተላለፈችው የሆንግ ኮንግ ግምጃ ቤት ከርክክቡ በፊት ለጀመሩ የመንግሥት ሠራተኞች የሚከፍለውን ጡረታ ነው። እንዲህ ካሉት ጡረታዎች ሁሉ በጥሩ ሁኔታ የተሠራው ይኸኛው ነው። እንከን ግን አለው፤ ብዙ ሰው ችግሩን ከቤጂንግ በኩል ሲጠብቅ፣ ውጭ አገር የሚኖረውን ጡረተኛ በተግባር ሲጎዳው የኖረው የምንዛሪ ተመን ነው።

ከተስፋው ቃል እንጀምር። በታኅሣሥ 1984 ለንደንና ቤጂንግ የፈረሙት የጋራ መግለጫ የጡረታን ጉዳይ በአባሪው ውስጥ አስቀምጦታል፤ በ1990 የጸደቀው የሆንግ ኮንግ መሠረታዊ ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 102 ደግሞታል። ይዘቱ እንዲህ ነው፦ ልዩ አስተዳደሩ (ከ1997 ወዲህ ያለው የሆንግ ኮንግ መንግሥት) ጡረታ ለወጡ ሠራተኞች፣ ከ1997 በፊት ለወጡትም ጭምር፣ ወይም ለጥገኞቻቸው፣ ጡረታና ዳረጎታቸውን፣ አበልና ጥቅማ ጥቅማቸውን ከቀድሞው ባላነሰ ሁኔታ ይከፍላል፤ በዜግነትም ሆነ በመኖሪያ ቦታ ልዩነት አያደርግም። ያለፈውን አገልግሎት በግልጽ ያካትታል፣ ከፋዩን በስም ይጠራል፣ ዜግነትንም ከጨዋታው ውጭ ያደርጋል። ሦስቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ያሟላ የርክክብ ሰነድ ብዙ የለም።

ዜግነትን ማንሳቱ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ለማየት ወደ ፈረንሳይ መሄድ ይበቃል። የታኅሣሥ 26 ቀን 1959 የፈረንሳይ የበጀት ሕግ አንቀጽ 71 የቀድሞ ቅኝ ግዛቶች ዜጎችን ጡረታ በዓመታዊ ክፍያ ተካውና ተመኑን በነበረበት አቆመው። በፓሪስ ያለው ጡረተኛ አበል በየጊዜው ሲጨምር፣ በቀድሞው ቅኝ ግዛት ያለው የሥራ ባልደረባው አበል ግን ባለበት ቆመ። ክፍያው አልተቋረጠም፤ ኑሮው ሲወደድ ዋጋ እያጣ ሄደ እንጂ። በ1989 የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ 743 ጡረተኛ የሴኔጋል ወታደሮች ባቀረቡት አቤቱታ መድልዎ ተፈጽሟል አለ። በ2001 የፈረንሳይ የበላይ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ተመሳሳይ ውሳኔ ሰጠ። በ2010 ደግሞ የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ ጉዳዩን አይቶ ድንጋጌዎቹን ሻረ። ከ1959 እስከ 2010 ስንት ጡረተኛ እንደሚያልፍ አንባቢ ያስላ።

በሆንግ ኮንግ ጭማሪው ለባለሥልጣን በጎ ፈቃድ አልተተወም። ራሱን የቻለ የጡረታ ጭማሪ አዋጅ አለ። አበሉ በየዓመቱ የሚስተካከለው ዝቅተኛ ወጪ ያላቸውን ቤተሰቦች የሸማች ዋጋ በሚለካው መለኪያ ነው። ዋጋ ሲወርድ አበሉ አይቀነስም፤ ከተማዋ ከእስያ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ለዓመታት የዋጋ ማሽቆልቆል ሲገጥማት ይህ ድንጋጌ ጠቅሟል። ጉድለቱ መለኪያው የሆንግ ኮንግን ገበያ ብቻ መከተሉ ነው። ለንደን ወይም ፐርዝ የሚኖር ጡረተኛ የሚገዛው ዳቦ በዚያ ስሌት ውስጥ የለም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ሁለት ሥርዓቶች ጎን ለጎን ይሠራሉ። አሮጌው በአዋጆች ስብስብ ምዕራፍ 89 ሲሆን አዲሱ ምዕራፍ 99 ነው፤ አዲሱ ከሐምሌ 1 ቀን 1987 ጀምሮ ለተቀጠሩት ነው። ከሰኔ 1 ቀን 2000 ወዲህ በአዲስ የቅጥር ውል የገቡ ሠራተኞች በሁለቱም አይሸፈኑም፤ የእነሱ የቁጠባ ፈንድ ነው። ሁለቱም ጡረታዎች ከሠራተኛው መዋጮ የማይሰበስቡ ናቸው፤ ከደመወዝ 7 በመቶ ተቆርጦ አሠሪው 11 በመቶ የሚጨምርበትን የኢትዮጵያን አሠራር ለለመደ ሰው ይህ እንግዳ ይመስላል።

በአሮጌው ሥርዓት ለጡረታ የሚያዘው ከፍተኛው ደመወዝ በአገልግሎት ወራት ተባዝቶ ለ600 ይካፈላል፣ በአዲሱ ለ675። ጣሪያው በሁለቱም የደመወዙ ሁለት ሦስተኛ ነው፤ ስለዚህ በአሮጌው ከ33 ዓመት ከ4 ወር፣ በአዲሱ ከ37 ዓመት ተኩል በላይ ማገልገል አበሉን አያሳድገውም። አሮጌው ለጋስ ይመስላል፣ ነውም። በሌላ በኩል አሮጌው አዋጅ ጡረታን እንደ ፍጹም መብት አይቆጥርም፤ አዲሱ ግን መብት ነው ብሎ ይጀምራል። ይህን ብዙ ሰው ያልፈዋል። አንቀጽ 102 የገባው ቃል «ከቀድሞው ያላነሰ» የሚል ነው፤ ስለዚህ በቅኝ ግዛቱ ሕግ መብት ያልነበረውን ነገር ብቻውን መብት አያደርገውም። በአሮጌው ሥርዓት ውስጥ ያለ ሰው ጊዜው ሳይደርስ ሥራ ቢለቅ ባዶ እጁን ይወጣል። በአዲሱ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው ቢለቅም አበሉ እስከ ጡረታ ዕድሜው ተይዞለት ይቆያል። መደበኛው የጡረታ ዕድሜ በአሮጌው 55፣ በአዲሱ 60 ነው፤ ፖሊስንና እሳት አደጋን ለመሳሰሉት የዲሲፕሊን አገልግሎቶች ዝቅ ይላል።

ምሳሌ እንውሰድ። በአዲሱ ሥርዓት ወር በገባ 50,000 የሆንግ ኮንግ ዶላር የሚያገኝ፣ 300 ወር (25 ዓመት) ያገለገለ ሠራተኛ፦ 50,000 ሲባዛ በ300፣ ሲካፈል ለ675፣ በወር 22,222 ዶላር ይሆናል። ከዚህ እስከ ግማሽ ያህሉን አስቀድሞ በአንድ ጊዜ መውሰድ ይችላል። ግማሹን ከመረጠ ወርኃዊ አበሉ ወደ 11,111 ይወርዳል፤ የተወው ግማሽ በዓመት 133,333 ስለሚሆን በ14 ተባዝቶ 1,866,667 ዶላር በእጁ ይገባል። ጭማሪና ወለድ ሳይታሰብ ሁለቱ የሚመጣጠኑት በ14ኛው ዓመት ነው፤ በ60 ለወጣ ሰው በ74 ዓመቱ ማለት ነው። ጤናማ ሆኖ በሆንግ ኮንግ ለሚኖር ሰው ግማሹን መውሰድ ብዙ ጊዜ ትርፍ አይደለም፤ የጭማሪ ዋስትና ያለው አበል በገበያ ሊገዛ የሚችል ነገር አይደለምና። ወደ ሌላ አገር ለሚሄድ ግን ስሌቱ ይለወጣል፤ ምክንያቱ የሚከተለው ነው።

የሆንግ ኮንግ ዶላር ከጥቅምት 1983 ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋር በ7.80 ተቆራኝቷል፤ ከ2005 ወዲህ በ7.75 እና በ7.85 መካከል ብቻ ይንቀሳቀሳል። ይህ ቁርኝት ለአሜሪካ ነዋሪ ጸጋ ነው። እንግሊዝ ለሚኖረው ግን አበሉ በፓውንድና በዶላር መካከል ባለው ንፋስ ላይ ይንጠለጠላል። በ2007 መጨረሻ አንድ ፓውንድ ሁለት የአሜሪካ ዶላር ገደማ፣ ማለትም 15.60 የሆንግ ኮንግ ዶላር ነበር፤ 20,000 ዶላር ያኔ 1,282 ፓውንድ ገዛ። በሴፕቴምበር 2022 ፓውንዱ ሲወድቅ በ8.40 ያስመነዘረ ሰው ለዚያው 20,000 ዶላር 2,381 ፓውንድ አገኘ። አበሉ አንድ ሳንቲም ሳይነካ የቤት ኪራይ የሚከፍልበት ገንዘብ በእጥፍ ሊጠጋ ወይም በግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ግማሹን አስቀድሞ የወሰደ ሰው ይህን ሁሉ አደጋ በአንድ ቀን ተመን ላይ ጥሏል፤ ያ ቀን በ2007 ከዋለ ይከስራል፣ በ2022 ከዋለ ያተርፋል። ምርጫው በጡረታው ሰሞን መደረግ ስላለበት ቀኑን መምረጥ አይቻልም፤ የሚቻለው ገንዘቡን ተቀብሎ በሆንግ ኮንግ ሒሳብ አቆይቶ ቀስ በቀስ መመንዘር ነው።

ለዚህ ችግር ለንደን መድኃኒት አዘጋጅታ ነበር፤ ግን ለጥቂቶች ብቻ። የንግሥቲቱ የባሕር ማዶ ሲቪል ሰርቪስ (ብሪታንያ በቅኝ ግዛቶቿ አስተዳደር ያሠማራቻቸው ሲቪል ሹማምንት) አባላት ለነበሩ መኮንኖችና ለተወሰኑ ዳኞች በ1996 የወጣው የብሪታንያ ሕግ ካሳና የጡረታ ማሟያ የሚከፈልበትን መንገድ ከፍቷል፤ አበላቸውም ከፓውንድ አንጻር ሲወርድ የሚጠብቅ ዋስትና ተሰጥቷቸዋል። በዚያው ቢሮ፣ በዚያው ማዕረግ የሠራው የአገሬው ተወላጅ ይህ የለውም። አንቀጽ 102 ያላደረገውን ልዩነት ለንደን በራሷ ኪስ አደረገችው። አገልግሎቱን ዝቅተኛ ነጥብ የምንሰጠው በዚህ ነው።

አድልዎው በሆንግ ኮንግ አልተጀመረም። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች መኮንኑ የግዛቱ መንግሥት እንጂ የለንደን ተቀጣሪ አልነበረም፤ ጡረታውም ከግዛቱ ገቢ ይከፈል ነበር። ነጻነት ሲመጣ ዕዳው በስምምነት ወደ አዲሱ መንግሥት ይተላለፋል። ታንዛኒያ በ1968 ከነጻነት በፊት ለተሠራው አገልግሎት መክፈል አልቀጥልም አለች። ክርክሩ የሚያሳፍር አልነበረም፦ ሰውየው ያገለገለው ቅኝ ገዢውን ከሆነ ገበሬው ለምን ይክፈል? ብሪታንያ እርዳታዋን ቆረጠች። ውሎ አድሮ ግን ለንደን ራሷ የክርክሩን እውነት ተቀበለች ማለት ይቻላል፤ የ1973ቱ የባሕር ማዶ ጡረታ ሕግ ከነጻነት በፊት ለተሠራ አገልግሎት ለውጭ ተወላጅ መኮንኖች የሚከፈለውን ጡረታ ብሪታንያ እንድትረከብ ፈቀደ። አፍሪካዊው ጸሐፊ፣ አስተማሪና ፖሊስ ከአዲሱ መንግሥት ገንዘብ ጋር ወጣ፣ ከእሱም ጋር ወረደ።

«ሕገ መንግሥት ላይ ከተጻፈ ምን ያሰጋል?» ለሚል ዚምባብዌ መልስ አላት። በ1979 ለንደን ውስጥ በላንካስተር ሐውስ በተካሄደው የነጻነት ድርድር የተደረሰበት ሕገ መንግሥት የመንግሥት ሠራተኞችን ጡረታ ዋስትና ሰጥቶ ገንዘቡ ወደ ውጭ እንዲላክም ፈቅዶ ነበር። ቃሉ ከሆንግ ኮንጉ ብዙም የማይርቅ ነው። ለሁለት አሥርተ ዓመታት ያህል ተከበረም። ከ2003 ጀምሮ ግን በውጭ ለሚኖሩት መከፈሉ ቆመ፤ የውጭ ምንዛሪው ደርቆ ነበር። ለንደንም ደቡብ ሮዴዥያ (የዛሬዋ ዚምባብዌ) ከ1923 ጀምሮ ራሷን ታስተዳድር ነበር፣ ሠራተኞቿን የቀጠርነው እኛ አይደለንም ብላ ዕዳውን አልተረከበችም። አንቀጽ 102 እስካሁን የተከበረው በአጻጻፉ ብልጫ ነው ብሎ የሚያምን ሰው የሆንግ ኮንግን የውጭ ምንዛሪ ክምችት ረስቷል።

ክምችቱም ቢሆን ለጡረታ ተብሎ የተለየ አይደለም። አበሉ በየዓመቱ ከመንግሥት ጠቅላላ ገቢ ይከፈላል። በ1995 የተቋቋመ የሲቪል ሰርቪስ የጡረታ መጠባበቂያ ፈንድ አለ፤ ሥራው ግን መንግሥት ከገቢው መክፈል ካቃተው መድረስ ነው፣ የየወሩን አበል መክፈል አይደለም። በዚህ ረገድ በ1948 ሕንድ ያደረገችው የተሻለ ምሕንድስና ነበር። ሕንድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በለንደን ከተከማቸላት የፓውንድ ገንዘብ ላይ ለማዕከላዊው መንግሥት ጡረተኞች 147.5 ሚሊዮን፣ ለክፍለ ግዛቶቹ ደግሞ 20.5 ሚሊዮን ፓውንድ ለብሪታንያ ከፍላ በፓውንድ ለሚከፈሉት ጡረታዎች እየቀነሰ የሚሄድ ዓመታዊ ክፍያ ገዛች። ጡረተኛ በሞተ ቁጥር ዕዳው ስለሚቀንስ ክፍያውም አብሮ ይቀንሳል። በ1955 ለንደን በሕግ ኃላፊነቱን ስትረከብ ገንዘቡ ቀድሞ ስለነበረ ብዙ ንትርክ አልተነሣም። በርክክብ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ተደራዳሪ ከሁለቱ አንዱን ብቻ መምረጥ ካለበት፣ ከጥሩ አንቀጽ ይልቅ በሦስተኛ ወገን እጅ ያለ ገንዘብ ይምረጥ።

አበሉ የሚቋረጥባቸውን ሁኔታዎችም ማወቅ ያስፈልጋል፤ አንቀጽ 102 ከነዚህ አያድንም፣ ከ1997 በፊትም የነበሩ ናቸውና። ከመንግሥት ሥራው ጋር በተያያዘ ወንጀል የተፈረደበት፣ ወይም በአገር ክህደት የተቀጣ ጡረተኛ አበሉ ሊሰረዝ፣ ሊቀነስ ወይም ሊታገድ ይችላል። ወደ መንግሥት ሥራ የተመለሰም አበሉ ሊታገድበት ይችላል። በብዛት ሰው የሚሰናከለው ግን በሦስተኛው ነው፦ ጡረታ እንደወጣ በተወሰነው የቁጥጥር ጊዜ ውስጥ በሆንግ ኮንግ ሥራ ወይም ንግድ ለመጀመር አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ነው። የአማካሪነት ውል «ሥራ አይደለም» ብሎ ሳያስፈቅዱ መፈረም አበል ያሳግዳል።

ሌላው ግራ መጋባት የሆንግ ኮንግ ሠራተኞችና አሠሪዎች በሕግ የሚያዋጡበትን የግዴታ የቁጠባ ፈንድ ከዚህ ጡረታ ጋር ማምታታት ነው። ከ2021 ጀምሮ የብሪታንያ ባሕር ማዶ ዜግነት ፓስፖርት ይዘው የወጡ ሰዎች ገንዘባችን ተያዘብን የሚሉት ስለ ቁጠባ ፈንዱ ነው፤ እሱን ሆንግ ኮንግን ለቆ በመሄድ ምክንያት ቀድሞ ለማውጣት የሚቀርበው ማስረጃ በዚያ ፓስፖርት ላይ ሊመሠረት አይችልም ስለተባለ። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ ግን ለመኖሪያ ቦታ ደንታ የለውም። ሁለቱንም ያለው ሰው ማመልከቻዎቹን ለየብቻ ይያዝ፤ በአንዱ ደብዳቤ ላይ የሌላውን ጉዳይ መጻፍ ሁለቱንም ያጓትታል።

የየዕለቱ አገልግሎት አሰልቺ ግን የሚታመን ነው። ክፍያው ወርኃዊ ነው፤ ከጡረተኛው የሚጠበቀው በሕይወት መኖሩን የሚያረጋግጥ ቅጽ በወቅቱ መመለስ ነው። ቅጹ ሲዘገይ ክፍያው ይታገዳል፤ ማረጋገጫው ሲደርስ ውዝፉ ይለቀቃል። መዘግየቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከተራ ነገር ነው፦ አድራሻ ሲቀየር አለማሳወቅ፣ በዕድሜ ምክንያት ፊርማው ከመዝገቡ ጋር አለመመሳሰል፣ ምስክሩ ማዕረጉንና አድራሻውን ሳይጽፍ መፈረሙ። እጁ የሚንቀጠቀጥ ጡረተኛ አዲስ የፊርማ ናሙና አስቀድሞ ቢያስመዘግብ ብዙ ደብዳቤ ይተርፋል። ገንዘቡን በቀጥታ ወደ ውጭ ባንክ የሚያስልክ ሰው መካከለኛ ባንኮች በየወሩ የሚቆርጡትን ኮሚሽን ይቁጠር፤ አነስተኛ አበል ላይ ጎልቶ ይታያል። በሆንግ ኮንግ ሒሳብ አጠራቅሞ በየሦስት ወሩ መላክ ይረክሳል፤ ባንኩ የሚጠይቀውን የግብር ነዋሪነት መግለጫ ሳይመልሱ መተው ግን ሒሳቡን ያሳግዳል። ጡረታው በሆንግ ኮንግ የደመወዝ ግብር ሥር እንደሚወድቅም አይዘንጋ።

የትዳር ጓደኛን በተመለከተ አሠራሩ ብዙ ቤተሰብ ከሚገምተው ይለያል። ጡረተኛው ሲሞት የእሱ አበል ይቆማል፤ ወደ ሚስቱ ወይም ወደ ባሏ በራሱ አይዞርም። ለተተኪዎች የሚከፈለው በሌሎች ሁለት አዋጆች፣ በምዕራፍ 94 ወይም በምዕራፍ 79፣ ሠራተኛው በሥራ ዘመኑ ከደመወዙ መዋጮ ከፍሎባቸው ከሆነ ነው። ዋናው ጡረታ መዋጮ የለውም ብሎ የተዘናጋ ሰው ይህን አያስተውልም። ስለዚህ ጡረተኛው በሕይወት ሳለ በየትኛው የተተኪዎች ዕቅድ እንደተመዘገበ ከግምጃ ቤቱ በጽሑፍ ማግኘት፣ ከጋብቻ የምስክር ወረቀቱ ጋር አንድ ላይ ማስቀመጥ፣ ከጡረታ በኋላ የተፈጸመ ጋብቻ ካለ ዕቅዱ ይሸፍነው እንደሆነ ያኔውኑ መጠየቅ ይገባል። ሞት ሲከሰት ግምጃ ቤቱ በፍጥነት ካልተነገረው ከሞት ቀን በኋላ የገባው ገንዘብ ይመለስ ይባላል፤ ያም ደብዳቤ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ የባንክ ሒሳቡ ለውርስ ከታገደ በኋላ ነው።